ዳገት ላይ የጋለ ፍሬን፦ የአንዲት ቮልስ ጉዳይ

መጀመሪያ የነገረኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እየወጣሁ ነበር። ጎኔ መጣ፣ አንገቱን አወጣና "ብሮ፣ የኋላህ ይጨሳል!" ብሎኝ አለፈ።

የቮልስ ሞተር ያለው ኋላ ነው። "የኋላህ ይጨሳል" ሲሉህ ልብህ ቀጥ ይላል። ዳር ያዝኩ፣ ወርጄ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ። ሞተሩ ሰላም ነው። ጭሱ የሚወጣው ከግራው የኋላ ጎማ ነበር። ቀጭን ነው፣ ሰማያዊ ነገር አለው። ሽታው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ፣ ሌላው የተቃጠለ ዘይት። ሁለተኛውን ያን ቀን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ቆይቶ ዋጋ አስከፍሎኛል።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1967 ስሪት ቮልስዋገን 1300 ናት። ባትሪዋ 6 ቮልት ነው። አራቱም ጎማ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን ነው፤ ታምቡሩ ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ነው፣ ሸራዎቹ ከውስጥ ተገፍተው ይይዙታል። ማስተር ሲሊንደሯ ባለ አንድ መስመር ነው፤ ማለትም ፔዳሉን ስትረግጥ አንድ ፒስተን ለአራቱም ጎማ ዘይት ይገፋል። ፋብሪካው ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ ወደ ሁለት መስመርና ወደ 12 ቮልት ሲዞር የእኔዋ ቀድማ ወጥታ ነበር። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። አንድ መስመር መሆኗ በኋላ አንድ ትልቅ ተጠርጣሪ በነፃ ያሰናብትልናል።

ጊዜው ታኅሣሥ መጨረሻ ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ የአጎቴ ልጅ ሠርግ አለ። ሙሽራዋ የአዘዞ ልጅ ናት፤ ቮልሷ ሙሽሮቹን ይዛ ወደ ፒያሳ ትወጣለች ተብሎ ከተወሰነ ቆይቷል። ጎንደር ውስጥ በጥር ሠርግ ቃል ገብተህ መኪና መከልከል የማይታሰብ ነው። ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጋራዥ ገብታ የኋላ ሸራዎቿ ተቀይረዋል። አዲስ ሸራ አስገብቼ፣ ከፍዬ፣ አመስግኜ ነው የወጣሁት።

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አራቱንም ጎማ በየተራ ፈተሽኩ። የፊቶቹ ለብ ያሉ ብቻ ናቸው፤ መዳፍ ያስቀምጣሉ። የቀኙ የኋላ ጎማ ግን እጅ አያስቀርብም። የግራው ከርቀት ይጋረፋል። በእጄ የነበረ መለኪያ ቢኖር በወረርሽኙ ጊዜ ከቢሮ የተረፈ የግንባር ሙቀት መለኪያ ነው። ታምቡሩ ላይ ሳነጣጥረው "ኃይ" ብሎ ጻፈና ዝም አለ። የሰው ትኩሳት ሊለካ የተሠራ ዕቃ ምን ያድርግ? ስለዚህ ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመለስኩ። ጣቴን በውኃ ነክሬ አንድ ጠብታ አንጠባጠብኩ። ቀኙ ላይ "ጭስ" አለችና ጠፋች። ግራው ላይ ከመንካቷ ዘልላ ወደቀች። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠብታዋ ከጮኸች ብረቱ ከ93 አልፏል ማለት ነው። ከዘለለች ደግሞ በጣም አልፏል።

የመጀመሪያዎቹ ምክሮች ከዚያው ከመንገድ ዳር ጀመሩ። "ፍሬን አማኖ ሳትፈታ ነድተህ ነው" አለኝ አንዱ። የእጅ ፍሬኑን አየሁ፤ ማንሻው ወለል ላይ ተኝቷል። "አዲስ ሸራ ነው፣ ይለመዳል" አለኝ ሌላው። ይሄኛው ደስ አለኝ፤ ምንም ሥራ አይጠይቅማ። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ትንሽ መሻሸቱ እውነት ነው። ግን ሦስት ሳምንት ነድቼበታለሁ፤ ደግሞም መሻሸት እስከ ጭስ አይደርስም።

ከሁሉም ምክር ቀድሞ መታየት የነበረበት አንድ ነገር ነበር። እኔ ራሴ ቆሜበት አላየሁትም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ግቢ ውስጥ በራሴ ሞከርኩ። ፎሌ አደረግኳት (ከማርሽ አወጣኋት)፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍኩ፣ ኋላውን በክሪክ አንስቼ እግረ ብረት ላይ አሳረፍኩ። የግራውን ጎማ በእጄ አዞርኩት። ዞረ። ትንሽ ያዝ ያደርጋል እንጂ ይዞራል። ቀኙም እንዲሁ። ትላንት የጨሰው ጎማ ይህ ነው ወይ እስክል ድረስ ተገረምኩ።

ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሽቦዎች አየሁ። ቮልስ ላይ ከሁለቱ ወንበሮች መካከል ካለው ማንሻ ተነስተው ሁለት ሽቦዎች ለየጎማቸው ለየብቻ ይሄዳሉ። ማንሻው ሥር ሁለት ማጥበቂያ ዳዶዎች አሉ። የእኔዎቹ እስከ መጨረሻቸው ተጠብቀዋል። ማንሻው ወርዶም ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ያኔ የሆነው ገባኝ። ሸራው ሲቀየር ከታምቡሩ ጋር ያለው ርቀት በትክክለኛው ቦታ አልተስተካከለም። ሬጅስትሮ፣ ማለትም ይህ ርቀት ማስተካከል፣ የሚደረገው ውስጥ ባሉት ጥርሳም ማስተካከያዎች ነው፤ ለያንዳንዱ ጎማ ሁለት ሁለት አሉ፣ በታምቡሩ ፊት ባለችው ቀዳዳ በካቻቢቴ ይዞራሉ። ያ ሥራ ወገብ ያጎብጣል። ሽቦ ማጥበቅ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠህ የምትጨርሰው ነው። እና ሽቦው ተጠበቀ። ማንሻውም ሁለት ጥርስ ላይ ጥርቅም ይላል፤ ባለ መኪናውም "የእጅ ፍሬኑ ጎበዝ ሆነ" ብሎ ይከፍላል። እኔ ነኝ ያ ባለ መኪና።

ሽቦዎቹን ሙሉ በሙሉ አላላኋቸው። ከዚያ ጥርሶቹን ሬጅስትሮ አደረግኩ፤ ጎማው እስኪያዝ ማጥበቅ፣ ፔዳሉን ረግጦ ሸራዎቹን ማማከል፣ ከዚያ በነፃ እስኪዞር ሦስት አራት ጥርስ መመለስ። መጨረሻ ላይ ነው ወደ ሽቦው የሚመጣው። ማንሻው ሁለተኛው ጥርስ ላይ ሲሆን ጎማዎቹ በእጅ ጉልበት ገና ይዞራሉ፤ አራተኛው ላይ መቆም አለባቸው። ሁለቱም ጎማ እኩል መያዝ አለበት። ይህን ጨርሼ ሁለቱንም ሳሽከረክራቸው እንደ ብስክሌት ዞሩ።

ችግሩን አገኘሁት ብዬ ደመደምኩ። ምክንያት አለኝ፣ ማስረጃ አለኝ፣ ጥፋተኛም አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ለወዳጄ ደውዬ "ና ኮሶዬ እንውጣ፣ ልሞክራት" አልኩት።

ኮሶዬ ከከተማው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስንወጣ ደህና ነበርን። ስንመለስ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ፔዳሉ መርዘም ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ በየመታጠፊያው እየጠለቀ ሄደ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው ከበፊቱ የበለጠ መንገድ ይሄዳል፣ ፔዳሉም አብሮ ይጠልቃል። የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው ልክ 140 ነው። ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ፔዳል ስትረግጠው ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ወዳጄ ወሬውን አቆመ። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና በሞተሩ ጉልበት እያንገዳገድኩ ወለቃ ደርሰን ቆምን።

ግራው ይጨሳል። እንደገና።

ወለቃ ላይ ከመንገዱ ዳር ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አንዷ እናት ጭሱን አይታ በጆግ ውኃ ይዛ መጣች። "ድፋበት እንጂ ልጄ፣ ምን ታያለህ?" አለችኝ። "አይሆንም እናቴ፣ ይሰነጠቃል" አልኳት። ጆጓን ዝቅ አድርጋ ትንሽ አሰበችና "እንደ ሸክላ?" አለች። እንደ ሸክላ። የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢደፋበት ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህች ሴት ግን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ውኃውን ለእኛ ሰጠችን፣ ጠጣነው። አርባ ደቂቃ ያህል ጠብቀን ቀስ ብለን ገባን።

በማግስቱ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ ከማራኪ በታች በአንድ ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላሉ፤ ግቢያቸው ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንድ የተፈታ ነገር አለ። ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። ሽቦውን፣ ሬጅስትሮውን፣ ኮሶዬን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"መጀመሪያ ቀን የጨሰው ስትወጣ ነው ስትወርድ?"

"ስወጣ ጋሼ። ከአዘዞ።"

"ስትወጣ ፍሬን ትይዛለህ?"

"ኧረ አልይዝም።"

"እና ማን ያዘው?"

መታየት የነበረበት ነገር ይህ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን መጋሉ ሥራው ነው። ሁለት ሰው ይዛ 900 ኪሎ የምትመዝን ቮልስ 100 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ብትወርድ የሚወጣው ሙቀት ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ውኃ እዚህ ጎንደር ላይ ያፈላል። ያ ሁሉ ወደ ታምቡሮቹ ይገባል። ስለዚህ ከኮሶዬ ስትወርድ ጋለች ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። ከአዘዞ ስትወጣ መጋሏ ግን ይናገራል። ዳገት ላይ እግርህ ፔዳሉን ሳይነካ ከጋለ፣ አንድ ነገር ሸራውን ሳይለቀው ይዞታል ማለት ነው።

"ማስተሩ ይሆን?" አልኳቸው። አንብቤ ነበር። የማስተር ሲሊንደሩ መግፊያ ዘንግ ከፒስተኑ ጋር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ከሌለው ፒስተኑ እስከ መጨረሻው አይመለስም። ያኔ ዘይቱ ወደ ጋኑ የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተሸፍና ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ያጣል፣ ፍሬኑም ራሱን በራሱ ያጠብቃል።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስንት መስመር ናት?"

"አንድ።"

"የፊቶቹስ ጋሉ?"

አልጋሉም። አንድ ማስተር፣ አንድ መስመር፣ አራት ጎማ። ጥፋቱ ማስተሩ ቢሆን አራቱም አብረው በጋሉ ነበር። የተባለው ተጠርጣሪ እዚህ ጋ በነፃ ተሰናበተ። እኔ ያነበብኩትን እሳቸው በሁለት ጥያቄ ጨረሱት።

ከዚያ መኪናዋን አነሳናት። ጋሼ እንደ እኔ ጎማውን ብቻ አላዞሩም። መጀመሪያ እኔን ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። "ርገጥ። ጠንከር አድርገህ። አሁን ልቀቅ።" ስለቀው ቀኙን ጎማ መቱት፤ በነፃ ዞረ። ግራውን መቱት፤ ቆሟል። በሁለት እጃቸው ቢታገሉት አይዞርም። ሰዓታቸውን አዩና ቁጭ አሉ። ዝም ብለን ጠበቅን። በየደቂቃው ይሞክሩታል። አራተኛው ደቂቃ ላይ እያቃሰተ መዞር ጀመረ።

ያኔ የማለዳው ፈተናዬ ለምን እንደሸወደኝ ገባኝ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመች መኪና ላይ ነው የፈተሽኩት። የታሰረው ግፊት ቀስ እያለ አድሮ ወጥቷል። ፔዳሉን የረገጥኩት ሸራ ለማማከል ብቻ ነው፤ ወዲያው ጎማውን ሳላየው ሌላ ሥራ ውስጥ ገባሁ። የተጠበቀው ሽቦ እውነተኛ ጥፋት ነበር፤ የቀኙ ጎማ ሙቀት በሱ ነው፣ ሽቦው ሲላላም ቀኙ ዳነ። የግራው ግን ሁለት በሽታ ነበረበት፤ አንዱ ሌላውን ከልሎታል። አንዱን አግኝቼ ሁለቱንም ያገኘሁ መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጣውን ሥራ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው የፈጀው፦ አንድ 7 እና አንድ 11።

ግራው ጎማ እንደገና ታስሮ ሳለ ጋሼ መጀመሪያ 7 ቁልፉን ወሰዱ። ከጎማው ኋላ ያለችውን የኤር ማውጫ ቡሎን ሩብ ዙር ፈቱ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ጎማው በዚያው ቅጽበት ተፈታ። ይህ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይመልሳል። የያዘው ነገር ብረት አይደለም፤ የዛገ ማንሻም፣ የደከመ ሞላም፣ የተጣበቀ የእጅ ፍሬን ሽቦም አይደለም። እነዚህ ቢሆኑ ዘይት ብታፈስም ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። ታስሮ የቀረው የዘይት ግፊት ነው።

ቀሪው ጥያቄ የት ነው የታሰረው የሚለው ነው። ቡሎኗን አጠበቁ። እንደገና ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፤ ግራው ታሰረ። አሁን 11 ቁልፉን ይዘው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጡ። ከሻሲው የሚመጣው የብረት ቱቦ አክሱሉ ጋ ሳይደርስ ከአንድ አጭር የላስቲክ ቱቦ ጋር ይገናኛል። ቮልስ ኋላዋ ለየጎማው የየራሱ አጭር ላስቲክ ቱቦ አለው፤ አክሱሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ብረት አይችለውም። ያችን መገናኛ ላላ አደረጓት። ጠብ፣ ጠብ። ሁለት ጠብታ። ጎማው እንደታሰረ ነው።

ጋሼ ቀና አሉና "ከዚህ ወዲህ ግፊት የለም። ከዚያ ወዲያ ግፊት አለ" አሉ። መሃላቸው ያለው ላስቲኩ ብቻ ነው።

ላስቲኩን ቀድሜ አይቼው ነበር። ከውጭ ደህና ነው። አልተሰነጠቀም፣ አላበጠም፣ አላፈሰሰም። ፈትተነው ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። በአፌ ልነፋው ነበር፤ ጋሼ ተቆጡኝ፣ የፍሬን ዘይት መርዝ ነው። በኮምፕሬሰር ከማስተሩ በኩል አየር ሲገፋበት እያፏጨ ያልፋል። ከጎማው በኩል ሲገፋበት ግን ትንፍሽ የለም። ቱቦው በር ሆኗል፤ የሚከፈተው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው።

ጋሼ በምላጭ ቁመቱን ሰነጠቁት። ሁለቱን ግማሾች ጣታቸው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። የውስጡ ሽፋን አብጦ ቀዳዳው የመርፌ ዓይን አክላለች። መሃሉ ላይ ደግሞ ከሽፋኑ የተላቀቀች ቁራጭ አለች፤ የድመት ምላስ ታክላለች። በጥፍሬ ገፋኋት፤ ወደ ጎማው በኩል ትተኛለች፣ ወደ ማስተሩ በኩል ስገፋት ቀዳዳውን ትደፍናለች። እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ ብዙ ጉልበት አለው፤ ምላሷን ገልብጦ ያልፋል። ለመመለስ ግን ዘይቱን የሚገፋው የሸራዎቹ ሞላ ብቻ ነው። ያ ጉልበት ምላሷን አያነሳትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቦታ ስለማየው ነው። የፍሬን ላስቲክ፣ ጎሚኒም ሆነ ቱቦ፣ በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በሞተር ዘይት አይታጠብም። የነዳጅ ዘር የነካው የፍሬን ላስቲክ ያብጣል። የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው። "አረቄ ይሆናል?" ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ይሆናል፣ ግን ላስቲኩ ጋ አይደርስም" አሉኝ።

ታምቡሩን ስንፈታ የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ሽታ ባለቤት ተገኘ። የዚህች ቮልስ የኋላ ኩሽኔታ የሚለሰልሰው በካምቢዮው ዘይት ነው። ዘይቱን ከፍሬኑ የሚለየው ፓራኦሊዮ የሚሉት ላስቲክ ነው። የኛው በሙቀት ተጠብሶ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል። ከንፈሩን ስጫነው ተሰነጠቀ። ዘይቱ በሱ ሾልኮ ሸራውን አርሶታል። የተጠበሰው ዘይት ነው ሲጨስ የነበረው። ሽታውን ያኔ ብከታተለው ቢያንስ ሸራው በተረፈ ነበር። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይመለስም፤ ሲግል መልሶ ያወጣዋል። አንድ ወገን ብቻ መቀየርም አይቻልም፣ ግራና ቀኙ እኩል ካልያዙ መኪናዋ ወደ አንድ በኩል ትጎትታለች። ስለዚህ የሦስት ሳምንቱ አዲስ ሸራ አራቱም ወደ ጥራጊ ሄደ። አመዱን ጋሼ በኮምፕሬሰር አላስነፉኝም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የጠረጉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለው፣ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፦ ሁለት የኋላ ቱቦ፣ ሁለት ፓራኦሊዮ፣ አንድ ሙሉ ሸራ፣ የፍሬን ዘይት። ቀኙ ቱቦ ገና አልታመመም ነበር። ግን እኩያው ሞቶ እሱን ማመን አልፈለግኩም። የፊት ቱቦዎችም ታዝዘው ነበር፤ አልተገኙም።

ስንገጥም ብዙ የሚነገር ነገር የለም። አንዱን ግን ልንገራችሁ። የቮልስ የኋላ አክሱል ትልቁ ዳዶ 36 ነው፤ የሚጠበቀው በ30 ኪሎ ግራም-ሜትር ነው። ይህን የሚለካ ቁልፍ ጋሼ ዘንድ የለም። ጎማዎቹን መሬት አሳረፉ፣ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰኩ፣ ከዳዶው መሃል ግማሽ ሜትር ለክተው በጠመኔ ምልክት አደረጉ።

"ስንት ኪሎ ነህ?"

"ስልሳ ሁለት።"

"ጫማህን አውልቅና ውጣ።"

ቱቦው አግድም እያለ ምልክቱ ላይ ቆምኩ። ስልሳ ኪሎ በግማሽ ሜትር ሠላሳ ነው። ቁልፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ዳዶው እንዳይፈታ የምትይዘው የኮፒሊያ ሽቦ ቀዳዳ አልገጠመም ነበር፤ ትንሽ ጨምረን ወደ ፊት አመጣነው። ቀዳዳ ለመግጠም ተብሎ ወደ ኋላ አይላላም። ይህ ዳዶ የላላ እንደሆነ የታምቡሩ ጥርሶች ይበላሉ፤ ያኔ ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናዋ አትሄድም።

አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አውጥተን በአዲስ ተካን። ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ፣ ከቀኙ ኋላ፣ ጀምረን ኤር አወጣን። ሬጅስትሮ በጥርሶቹ፣ ሽቦው መጨረሻ ላይ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ጥርስ ልክ። ከዚያ ጋሼ እንደገና "ርገጥ፣ ልቀቅ" አሉኝና ሁለቱንም ጎማ መቱ። ሁለቱም ዞሩ።

ፈተናው ያው መንገድ መሆን አለበት አልን። ወደ አዘዞ ወርጄ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ፤ ቁልቁል የያዝኩት ፍሬን ሙቀቱ ይውጣ ብዬ። ከዚያ ሆን ብዬ አሥር ጊዜ ፔዳሉን ረገጥኩና ዳገቱን ጀመርኩ። ባጃጁ የነገረኝ ቦታ ስደርስ ወርጄ ውኃ አንጠባጠብኩ። ግራ፦ ጠብታዋ ቁጭ አለች። ቀኝ፦ ቁጭ አለች። እጄን ታምቡሩ ላይ አደረግኩ፤ ለብ ብሏል፣ ይይዛል። አንድ ተጨማሪ ነገርም አየሁ። ከዚህ በፊት ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጌ ፍሬን ስለቅ ትንሽ አስባ ነበር የምትንቀሳቀሰው፤ "ከባድ ናት" እል ነበር። አሁን እግሬን እንዳነሳሁ ትሄዳለች።

ሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን ይዛ ከአዘዞ ወጣች። ማንም አልጠቆመኝም። ሙሽራዋ ዕጣን ሸተተኝ አለች እንጂ ሌላ ሽታ አላነሳችም። ፎቶ ሊነሱ ፋሲል መዋኛ ስንደርስ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ አገኘሁና ማርሽ አስገብቼ አጠፋኋት፤ ከኋላ መቀመጫው ሥር ድንጋይ አውጥቼ ጎማው ሥር ሸጎጥኩ። ሚዜዎቹ ሳቁ። "ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ፍሬን አማኖ የላትም እንዴ?" አለ አንዱ።

አላት፣ በአራት ጥርስ ጥርቅም ትላለች። ግን የሞቀ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አይሳብም። ታምቡሩ ሲበርድ ይጠብባል፣ ሸራውን እንደያዘ ሊቀር ይችላል። ከዚያ አገር ሁሉ እያየ ሙሽራ ይዘህ የማትንቀሳቀስ መኪና ላይ ትቀመጣለህ። ለዚያ ሁሉ ማብራሪያ ጊዜ አልነበረኝም። "አማኖን ገና አላመንኩትም" አልኩና ድንጋዩን በእግሬ ጠበቅ አደረግኩት።

የፊት ቱቦዎቹ እስካሁን አልመጡም። እስኪመጡ ድረስ በየሳምንቱ ፊቷን በክሪክ አነሳለሁ፤ አንድ ሰው ይረግጥልኛል፣ ይለቅልኛል፣ እኔ ወዲያው ጎማውን አዞራለሁ።